አሜሪካ ውስጥ ስልክ ስትቀይሩ፦ የ«ነጻ» ስልኩን ሒሳብ እንዴት እንደምትሠሩ

አዲስ አይፎን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ወዲያው ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል «ስልኩን በነጻ ውሰዱ» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ማስታወቂያው ውሸት አይደለም። ግን ሙሉው ነገር የተጻፈው ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ነው። ስልኩን የሚሰጧችሁ ውድ ፕላን ለረጅም ጊዜ ይዛችሁ እንድትቆዩ ነው። ስለዚህ በዋናነት የምትገዙት ፕላኑን ነው።

ይህ መመሪያ ሒሳቡን ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ እንዴት እንደምትሠሩት ያሳያል። የስልኮቹ ዋጋ ገበያ ላይ ሲወጡ የነበረው ነው። የፕላን ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያስገባኋቸው። የራሳችሁን ቁጥር ተክታችሁ ደምሩ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የመጀመሪያው አይፎን በ2007 ሲወጣ ትንሹ 499 ዶላር ነበር። ያውም ከኤቲ ኤንድ ቲ ጋር የሁለት ዓመት ውል ለሚፈርም ሰው። ከዚያ በኋላ 200 ዶላር ከፍሎ ሁለት ዓመት መፈረም የተለመደ ሆነ። በ2013 ቲ-ሞባይል ውሉን ተወው። ቬራይዘን በ2015፣ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2016 ተከተሉ። ብዙ ሰው «ከውል ተገላገልን» አለ። ውሉ ግን በሌላ በር ተመልሶ ገብቷል። የዛሬ ስሙ የቢል ክሬዲት ነው፤ ማለትም በየወሩ ከቢላችሁ ላይ የሚቀነስላችሁ ገንዘብ። ጊዜውም ረዝሟል። ቬራይዘን እና ኤቲ ኤንድ ቲ ብዙውን ጊዜ 36 ወር፣ ቲ-ሞባይል ደግሞ በአብዛኛው 24 ወር ያደርጉታል።

1. ስልኩ በእርግጥ መቀየር አለበት?

ብዙ ሰው ስልኩን የሚቀይረው «ቶሎ ቶሎ ይዘጋብኛል» ብሎ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ችግር ነው። አይፎን ከያዛችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ባትሪ» የሚለውን ክፈቱና የባትሪውን ጤንነት እዩ። ቁጥሩ ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ባትሪው አርጅቷል። እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች የተሠሩት 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ተደርገው 80 በመቶ አቅማቸው እንዲቀር ተደርገው ነው። ከአይፎን 15 ወዲህ ያሉት 1,000 ጊዜ ይችላሉ። አፕል ባትሪውን እንደ ሞዴሉ 100 ዶላር አካባቢ ይቀይረዋል። በ100 ዶላር ሁለት ዓመት የሚያገለግል ስልክ ካገኛችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ቅናሽ የትም አታገኙም።

«ቦታ ሞልቷል» የሚለውም ቢሆን ለመቀየር በቂ ምክንያት አይደለም። የቴሌግራም እና የዋትስአፕ ቪዲዮዎችን አጥፉና እዩት።

ለመቀየር ትክክለኛው ምክንያት ስልኩ የደኅንነት አፕዴት ማግኘት ሲያቆም ነው። ለምሳሌ በ2025 የወጣው የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 26፣ የሚሠራው ከአይፎን 11 ጀምሮ ባሉት ላይ ነው። አፕዴት ያቆመ ስልክ ላይ የባንክ አፕ መጠቀም አልመክርም። ሌላው፣ ስክሪኑ ተሰብሮ የማሠሪያው ዋጋ የስልኩን ግማሽ ሲደርስ ነው።

2. የመጨረሻ ቢላችሁን አውጡና መስመር በመስመር አንብቡት

ጠቅላላውን ብቻ አትዩ። ፕላኑ ስንት ነው? ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያው ስንት ነው? የስልክ ክፍያ ያልጨረሰ ላይን (አካውንቱ ላይ ያለ አንድ ስልክ ቁጥር) አለ? ኢንሹራንስ አለ?

ኢንሹራንሱ ላይ ቆም በሉ። በወር 17 ዶላር ትንሽ ይመስላል። በ36 ወር 612 ዶላር ነው። ስልኩ ሲሰበር ደግሞ ሌላ የድርሻ ክፍያ ትከፍላላችሁ። ብዙ ቤት ውስጥ የሦስት ዓመት ስልክ ላይ ኢንሹራንሱ ዛሬም ይቆረጣል። ማንም አላጠፋውም። ዛሬውኑ አጥፉት።

ቀጥሎ በወር ስንት ጂቢ እንደምትጠቀሙ እዩ። ቤትም ሥራ ቦታም ዋይፋይ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከ5 ጂቢ አያልፍም። ኡበር ወይም ዴሊቨሪ የምትሠሩ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ቀኑን ሙሉ ካርታ ከፍታችሁ ነው የምትውሉት። ኔትዎርኩ ሲጨናነቅ የርካሽ ፕላኖች ኢንተርኔት ቀድሞ ይዘገያል፤ ውድ ፕላን የያዘ ሰው ቅድሚያ ያገኛል። ሥራችሁ ስልኩ ላይ ከሆነ ለዚያ ቅድሚያ መክፈል ተገቢ ነው።

3. የ36 ወሩን ሙሉ ሒሳብ ደምሩ

ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ብትዘሉት ይህንን አትዝለሉት።

በመጀመሪያ ክሬዲቱ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ስልኩ 799 ዶላር ነው እንበል። ካምፓኒው ዋጋውን ለ36 ያካፍለዋል፤ በወር 22.19 ዶላር ይሆናል። ያ ገንዘብ ቢላችሁ ላይ ይጨመራል። ከሥሩ ደግሞ ያው 22.19 ዶላር በክሬዲት መልክ ይቀነሳል። ውጤቱ ዜሮ ነው። ስልኩ «ነጻ» የሚባለው በዚህ መንገድ ነው። ክሬዲቱ እንዲመጣ ግን ላይኑ ክፍት መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜም የተመረጠ ውድ ፕላን ላይ መቆየት አለባችሁ።

አሁን ወረቀት አውጡ። አሁን ያላችሁ ፕላን በወር 65 ዶላር ነው እንበል። «ነጻውን» ስልክ ለማግኘት 85 ዶላር ወደሚያስከፍለው ከፍ በሉ ተባላችሁ። ልዩነቱ በወር 20 ዶላር ነው። በ36 ወር 720 ዶላር ይሆናል። የ799 ዶላሩን ስልክ በ720 ዶላር ገዛችሁት ማለት ነው። ያውም ከፍ ባለው ፕላን የምታገኙት ተጨማሪ ነገር ካላስፈለጋችሁ።

በዚህ ላይ ሁለት ክፍያዎች አሉ። አንደኛው ሴልስ ታክስ ነው። ብዙ ስቴት ውስጥ ታክሱ የሚታሰበው በስልኩ ሙሉ ዋጋ ላይ ነው፤ ስልኩን በክሬዲት ብታገኙትም። ሜሪላንድ 6 በመቶ ስለሆነ በ799 ዶላር ላይ 48 ዶላር ገደማ በዕለቱ ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው የአክቲቬሽን ወይም የአፕግሬድ ክፍያ ነው፤ 35 ዶላር እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው መንገድ አንሎክ የሆነውን፣ ማለትም በየትኛውም ካምፓኒ ሲም የሚሠራውን ስልክ ከአፕል፣ ከሳምሰንግ ወይም ከቤስት ባይ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ርካሽ ፕላን መያዝ ነው። ቪዝብል የሚሠራው በቬራይዘን ኔትዎርክ ነው። ክሪኬት በኤቲ ኤንድ ቲ፣ ሚንት ሞባይል በቲ-ሞባይል። ሦስቱም የእነዚሁ ትልልቅ ካምፓኒዎች ንብረት ናቸው፤ ምሰሶው አንድ ነው። በወር 25 ዶላር አካባቢ የሚገኝ ፕላን አለ።

ለአንድ ሰው እንደምር። በትልቁ ካምፓኒ 85 ዶላር በ36 ወር 3,060 ነው። ታክሱን 48 እና አፕግሬዱን 35 ስንጨምር 3,143 ዶላር። በሁለተኛው መንገድ ስልኩ 799፣ ታክሱ 48፣ ፕላኑ 25 በ36 ወር 900። ድምሩ 1,747 ዶላር። ልዩነቱ 1,396 ዶላር ነው። ይህ የኢትዮጵያ ደርሶ መልስ ቲኬት ሊሆን ይችላል።

አንድ ላይ 799 ዶላር ማውጣት ከባድ ከሆነ፣ አፕልም ሳምሰንግም በየወሩ የሚከፈልበት መንገድ አላቸው። የክሬዲት ካርዱን ወለድ ግን አረጋግጡ። ወለድ ከገባበት ሒሳቡ ይበላሻል።

ፍርዱ ሁሌም ወደ ርካሹ አያደላም። አራት ላይን ያለው ቤተሰብ ከሆነ የትልልቆቹ ዋጋ በላይን በጣም ይወርዳል። በላይን 50 ዶላር ደረሰ እንበል። አራት ሰው በ36 ወር 7,200 ዶላር ነው፤ አራቱም ስልክ በክሬዲት ይመጣል። በሌላው መንገድ አራት ስልክ 3,196 ዶላር፣ ፕላኑ ደግሞ 3,600፣ በድምሩ 6,796 ይሆናል። የስልኮቹ ታክስ በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ልዩነቱ ከአፕግሬድ ክፍያው ጋር 544 ዶላር ብቻ ነው፤ ለአራት ሰው፣ በሦስት ዓመት። እዚህ ላይ ትልቁን ካምፓኒ ብትመርጡ አልቃወምም። ሱቅ ሄዶ ፊት ለፊት የሚያናግሩት ሰው ማግኘትም ለአንዳንድ ቤተሰብ ዋጋ አለው። ለአንድ ሰው የሚሠራው ምክር ለቤተሰብ ላይሠራ ስለሚችል ነው ራሳችሁ ደምሩ የምለው።

4. በመሃል ብትወጡ ምን እንደሚሆን እወቁ

ሦስት ዓመት ረጅም ነው። ሥራ ይቀየራል፤ ሰው ከዲሲ ወደ ሲያትል ይሄዳል፤ ቤተሰብ ይለያያል፤ ላይን ይቀነሳል።

በ20ኛው ወር ላይኑን ብትዘጉ ቀሪው ክሬዲት ይቀራል። የስልኩ ቀሪ ዋጋ ግን አይቀርም። 16 ወር በ22.19 ሲባዛ 355 ዶላር ገደማ ነው፤ ባንድ ቢል ይመጣል። ፕላኑን ወደ ርካሽ ዝቅ ብታደርጉትም ክሬዲቱ ሊቋረጥ ይችላል። ሻጩ ይህን ሁሌ አይነግራችሁም። ጠይቁት።

የቤተሰብ ላይን ላይ ደግሞ ዕዳው የአካውንቱ ባለቤት ነው። የአጎት ልጅ ወይም ጓደኛ በእናንተ ስም ስልክ ወስዶ ቢጠፋ፣ የሚጎዳው የእናንተ የክሬዲት ታሪክ ነው። በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ዘመዳሞች ብዙ ናቸው። አዲስ ለመጣ ሰው መርዳት ከፈለጋችሁ ፕሪፔይድ (አስቀድሞ የሚከፈልበት) ላይን አውጡለት። ፕሪፔይድ ክሬዲት ቼክ አይጠይቅም።

ሌላው የሎክ ጉዳይ ነው። ስልኩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ኤቲ ኤንድ ቲም ቲ-ሞባይልም ከራሳቸው ኔትዎርክ አይከፍቱትም። ክረምት ላይ ወይም ለገና አዲስ አበባ ወርዳችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ብታስገቡ አይሠራም። በየዓመቱ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ይህ ብቻውን አንሎክ ስልክ ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። አይፎን ላይ ለማየት ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ግቡና «ካሪየር ሎክ» የሚለውን ፈልጉ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው።

5. ስልኮቹን በምትጠቀሙበት ነገር አወዳድሩ

አይፎን 17፣ ጋላክሲ ኤስ25 እና ፒክስል 10 ሦስቱም በ2025 ወጡ። የሦስቱም መነሻ ዋጋ 799 ዶላር ነበር። ግን በዚያ ዋጋ የሚገኘው እኩል አይደለም። አይፎኑ 256 ጂቢ የማከማቻ ቦታ ይዞ ነው የሚመጣው። ሌሎቹ ሁለቱ 128 ናቸው። ጋላክሲውን 256 ስታደርጉት 859፣ ፒክስሉን ስታደርጉት 899 ዶላር ይሆናል። ሁልጊዜ ተመሳሳይ ጂቢ ከተመሳሳይ ጂቢ ጋር አስተያዩ።

ካሜራ ላይ ጥምቀትን ወይም ሰርግን ከሩቅ አቅርባችሁ ማንሳት ለምትወዱ፣ ፒክስሉ 5 እጥፍ፣ ጋላክሲው 3 እጥፍ የሚያቀርብ ለብቻው ሌንስ አላቸው። አይፎን 17 ለብቻው የሚያቀርብ ሌንስ የለውም። በሌላ በኩል አይፎን ሲሸጥ ዋጋውን ጠብቆ ይቆያል። ቤተሰቡ በሙሉ በፌስታይም የሚገናኝ ከሆነም ከዚያ መውጣት ያስቸግራል።

ለእኛ ትልቁ ልዩነት ሲሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አይፎኖች ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) ብቻ ናቸው። ፒክስል 10ም እንደዚያው ነው። ጋላክሲ ኤስ25 ግን ሲም ካርድ ይቀበላል። ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም አለው። ሆኖም ለእናታችሁ ወይም ለአክስታችሁ የምትልኩት ስልክ ከሆነ ካርዳቸውን አውጥተው የሚያስገቡበት ቢኖረው ይቀላቸዋል። በዚህ ጋላክሲውን እመርጣለሁ።

የአፕዴት ዘመኑንም እዩ። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። ስለዚህ የዓምና ሞዴል በቅናሽ ስታገኙ ብዙ አትፍሩ።

799 ዶላር የማይጠይቅም አለ። ፒክስል 9ኤ በ499 ዶላር ነው የወጣው፤ 7 ዓመት አፕዴት አለው፤ ሲም ካርድም ይቀበላል። ጋላክሲ ኤ16 5ጂ 200 ዶላር ነበር፤ 6 ዓመት አፕዴት አለው። ለመደወል፣ ለቪዲዮ ጥሪ፣ ለዩቲዩብ እና ለዝማሬ የሚጠቀሙ ወላጆች ከዚህ በላይ አያስፈልጋቸውም።

ሱቅ ስትሄዱ ስልኩን በእጃችሁ ያዙት። በአንድ እጅ ላይኛው ጥግ ይደረሳል? በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። ፊደሉን አጉልታችሁ አንብቡት። ይህ ከማንኛውም የቁጥር ዝርዝር በላይ ይነግራችኋል።

6. ሻጩን የምትጠይቁት

ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ለእያንዳንዱ የኢንተርኔት ፕላን ዋጋውንና ክፍያዎቹን የሚዘረዝር ግልጽ መግለጫ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። ያሳዩኝ በሉ። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

- ዛሬ ከዚህ ስወጣ ስንት እከፍላለሁ?
- የሁለተኛው እና የአራተኛው ወር ቢል ታክስን ጨምሮ ስንት ነው?
- ክሬዲቱ ስንት ወር ነው? ከየትኛው ቢል ይጀምራል?
- ፕላኔን ዝቅ ባደርግ ክሬዲቱ ይቆያል?
- ለመመለስ ስንት ቀን አለኝ?

መመለሻው ይለያያል። ኤቲ ኤንድ ቲ 14 ቀን፣ ቬራይዘን 30 ቀን ይሰጣሉ፤ ሲመለስ ግን 50 ዶላርና ከዚያ በላይ ሊቆርጡ ይችላሉ።

መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ፕሮሞሽኑን ስክሪንሾት አድርጉ፤ ቀኑ ይታይ። ሻጩ ጎበዝና ቅን ሊሆን ይችላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን እዚያ ሱቅ ላይኖር ይችላል። ሳታዝዙት ኢንሹራንስ፣ ታብሌት ወይም ሰዓት ከነላይኑ እንዳልተጨመረ ከመፈረማችሁ በፊት ዝርዝሩን አንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበደ ልጅ ወይም ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ።

7. አሮጌውን ስልክ ስትሰጡ

ትሬድ-ኢን (አሮጌውን ሰጥቶ ከአዲሱ ዋጋ ማስቀነስ) ላይ የምትሰሙት «800 ዶላር» ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ እሱም በ36 ወር የሚንጠባጠብ ክሬዲት ነው። ስልካችሁ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥባቸው ድረ ገጾች፣ በስዋፓ ወይም በኢቤይ፣ ስንት እንደሚሸጥ እዩ። 250 ዶላር በእጅ እና 300 ዶላር በ36 ወር ክሬዲት ከቀረበላችሁ፣ 250ውን ውሰዱ። 100 ዶላር የማያወጣ ስልክ 800 ክሬዲት ከተሰጠውና ፕላኑ ድሮም የምትፈልጉት ከሆነ ግን ስጡት።

ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶውንና የዋትስአፕ ጽሑፉን ባክአፕ አድርጉ። አይፎን ከሆነ «ፋይንድ ማይ» የሚለውን የጠፋ ስልክ መፈለጊያ አጥፉ፤ ካልጠፋ ስልኩ ይመለሳል ወይም ዋጋው ይወድቃል። *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥር (የስልኩን መለያ) ጻፉ። ስልኩን ከፊትና ከኋላ፣ ስክሪኑ በርቶ ፎቶ አንሱ። በፖስታ ከላካችሁ የመከታተያ ቁጥሩን ክሬዲቱ እስኪገባ አትጣሉ።

ያገለገለ ስልክ ከግለሰብ የምትገዙም ከሆነ መጀመሪያ አይኤምኢአዩን «ስቶለን ፎን ቼከር» በሚባለው ድረ ገጽ አስፈትሹ። የተሰረቀ ተብሎ የተመዘገበ ስልክ ኔትዎርክ አይሰጠውም።

8. ካምፓኒ የምትቀይሩ ከሆነ

ስልክ ቁጥራችሁ የእናንተ ነው። ከ2003 ጀምሮ ቁጥርን ይዞ መሄድ መብት ነው። አሮጌውን ላይን ቀድማችሁ እንዳትዘጉ! ከተዘጋ ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል። በመጀመሪያ የማስተላለፊያ ፒን ውሰዱ። ቬራይዘን ላይ #7678፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ላይ *7678 መደወል ይቻላል። ቲ-ሞባይል ላይ ከአፑ ይገኛል። ፒኑን ለአዲሱ ካምፓኒ ስጡ፤ ቁጥሩ ሲዛወር አሮጌው ላይን ራሱ ይዘጋል።

አዲሱ ስልክ ላይ ኢሲሙ ሠርቶ፣ ስልክ ተደውሎ፣ የባንክ ኮድ መጥቶ ሳታዩ አሮጌውን አታጥፉ።

9. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቢሎች ክፈቱ

ክሬዲቱ ከአንድ እስከ ሦስት ቢል ድረስ ሊዘገይ ይችላል። ሲጀምር ያለፈውም አብሮ መግባት አለበት። ኦቶፔይ (ቢሉ በራሱ የሚከፈልበት) ያለው ሰው ቢሉን ስለማይከፍት ስህተት ቢኖር ዓመት ሙሉ ሳያየው ይከፍላል።

በሦስተኛው ቢል ክሬዲቱ ከሌለ በቻት አናግሯቸው። ቻቱ የተጻፈ ማስረጃ ስለሆነ ከስልክ ይሻላል። ካልተፈታ ለፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ለኤፍሲሲ፣ በድረ ገጹ አቤቱታ አስገቡ። ክፍያ የለውም። ካምፓኒው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አቤቱታው ላይ የገዛችሁበትን ቀን፣ ቃል የተገባላችሁን የወር ክሬዲት እና የጎደለውን ገንዘብ በቁጥር ጻፉ፤ ስክሪንሾቶቹን አያይዙ።

ከዚያ የክሬዲቱን የመጨረሻ ወር ስልካችሁ ካላንደር ላይ መዝግቡ። በዚያ ሳምንት ስልኩን አንሎክ አስደርጉ። ፕላኑንም ዝቅ አድርጉ፤ ያ 85 ዶላር ከዚያ ወር በኋላ ምንም ስልክ አይከፍልላችሁም።